ከማታውቀው ሰው ጋር ያስታረቋት ልጅ

አንዲት ልጅ እናቷን ልትጠይቅ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። በዚህ ውስጥ ምን ያስፈራል?

አንድ ሰው ከጎኗ ያለውን ተሳፋሪ በትሕትና ቦታ አስለውጦ ተቀመጠ። አታውቀውም። ትንሽ እንደ ሄዱ እጇን ጭምድድ አድርጎ ያዘና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "እኔ የምወርድበት ትወርጃለሽ" አላት። ይህን ሲል ፈገግ እንዳለ ነው።

ልጅቷ ብድግ አለች። "ይህን ሰው አላውቀውም። እባካችሁ አውርዱልኝ።"

ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰውየው አልደነገጠም። "ሚስቴ ናት" አለ። "ተቀይማኝ ወደ እናቷ ልትሄድ ነው።"

ይህን ሲሰማ መኪናው በሙሉ እፎይ አለ። የባልና የሚስት ጉዳይ ነዋ! ሾፌሩም መንዳቱን ቀጠለ።

ፊት ወንበር ላይ አቶ ላሊሶ የሚባሉ፣ በሰፈራቸው ስንቱን ጠብ ያበረዱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዞር ብለው፣ "ልጄ፣ ባልን በሰው ፊት አላውቀውም አይባልም፤ ነውር ነው" አሏት።

"አባባ፣ ባሌ አይደለም። ስሜን ጠይቁት። ካወቀው አብሬው እወርዳለሁ።"

"ተይ እንግዲህ፣ ነገር አታክርሪ።"

ሰማችሁ? ስሜን ጠይቁት አለች! ጠየቁት? አልጠየቁትም። ስሟ አማረች ነው፤ እኔ ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ለማወቅ የፈለገ አልነበረምና።

ይህንኑ በፊልም ብታዩት፣ "ኧረ አድኗት" እያላችሁ በቴሌቪዥኑ ላይ ትጮኻላችሁ። እዚያ መኪና ውስጥ ግን ሁሉም አስታራቂ ሆነ። አንዷ፣ "የኔም ባል እንዲሁ ነበር፤ ቻይው" አለቻት። አቶ ላሊሶ ሁለቱንም መረቁ። መንገድ ዳር አንድ የሙዝ እርሻ ጋ ሲደርሱ ያ ሰው "ወራጅ አለ" አለ። ልጅቷ ወንበሩን አንቃ ያዘች። ጣቶቿን ያላቀቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪዎቹም አግዘውታል። ቦርሳዋንም በመስኮት ያቀበሉት እነርሱ ናቸው።

በማግስቱ ገበሬዎች አገኟት። በሕይወት አለች፤ ክንዷ ተሰብሯል፣ የሆነባትን በዚህ መድረክ አልናገርም። ፖሊስ ማን እንደ ወሰዳት ሲጠይቃት፣ "አልወሰደኝም። እነርሱ ናቸው የሰጡት" አለች።

ወገኖቼ፣ ተቆጥቻለሁ። በዚያ ሰው ብቻ አይደለም። በምርቃቱ ተቆጥቻለሁ። በመኪናው ውስጥ ከእርሱ ሌላ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጨዋዎች ነበሩ፣ እንደ እናንተ ጸሎተኞች ነበሩ። ሰላም የፈለጉት ለእርሷ ይመስላችኋል? ለራሳቸው ነው። መንገዳቸው እንዳይስተጓጎል ነው።

እናንተስ? "ፈራሁት" ብላ የመጣችውን እኅታችሁን ምን አላችኋት? ታገሺ አላችኋት። ለልጆችሽ ስትይ አላችኋት። ሽማግሌ ሰብስባችሁ፣ አሳስማችሁ፣ አስታረቅን ብላችሁ እዚሁ ቆማችሁ መሰከራችሁ። እኛም አጨበጨብን። እግዚአብሔር እርቅን ይወዳል ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይወዳል። እጇን ጠምዝዛችሁ ያመጣችሁትን ግን እርቅ ብላችሁ በስሙ አትጥሩት።

ዛሬ ምሳ ከመብላታችሁ በፊት መልሳችሁ ወደ ላካችኋት ሴት ሂዱ። ምክር ይዛችሁ አትሂዱ፤ በልታችሁታል እስከ ዛሬ ጆሮዋን። ተቀምጣችሁ እስክትጨርስ ስሟት። "ውሰዱኝ" ካለቻችሁ፣ ቦርሳዋን ተሸክማችሁ ይዛችኋት ውጡ።