አፕዴት የተደረገው ካሜራ

ባለሀብቱ አቶ አንዳርጌ ትንሿን ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ ቪዲዮ ቀራጩን ጠርተው፣ «በታላቅየዋ ሰርግ መልኬን አበላሽተኸዋል፤ አሁን ካሜራህን አፕዴት ሳታደርግ እንዳትመጣ» አሉት። እሱም አደረገው። በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ያነሳ የነበረው ካሜራ ስልሳ ማንሳት ጀመረ።

ቪዲዮው ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ሲታይ ግን አቶ አንዳርጌ ያው አቶ አንዳርጌ ናቸው። ብድግ ብለው፣ «ጥፋቱ የካሜራው ከሆነ እዚሁ እሰብረዋለሁ። የፊትዎ ነው ካልከኝ ደግሞ አንተን! ተናገር፣ የማን ነው?» አሉት።

ቀራጩ ካሜራውን እቅፍ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት በራሴ ፊት ነው። ድሮ በሰከንድ ሃያ አራት ጊዜ ነበር የማስጠላው፤ አፕዴት ካደረግኩት ወዲህ ስልሳ ጊዜ አስጠላለሁ» አላቸው።