የዋርካ ጉድባ ማሰሮዎች ስለ ምን ከንፈራቸው እንደሚሸረፍ

«ትሁኔ፣ ይቺን ማሰሮ ስትወለውዪ ዓይንሽን አትመኚ፤ ዓይን ይሰለቻል። እጅሽን እመኚ። ከወደቀች የሚሰበረው ሸክላ ብቻ አይደለም።»

ይህን ለጽዳት ሠራተኛዋ ያሏት የዋርካ ጉድባን ትምህርት ቤት ቤተ መዘክር ያቋቋሙት መምህር ይኄይስ ናቸው ይባላል።

ዛሬ ወደ ዋርካ ጉድባ የሄደ ሰው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል ያገኛል። በውስጧ ቀንበር፣ የቆዳ ጋሻና የአንድ ጸሐፊ የቀለም ቀንድ አለ፤ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ግን ከአንዲት ክብ አቧራ በቀር ምንም የለም፤ ዙሪያዋ ሁልጊዜ ይወለወላል፣ እሷን የሚነካት የለም። በግድግዳው ሥር ደግሞ የሦስተኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ በእጃቸው የሚሠሯቸው ትንንሽ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ሁለት ሁለት አፍ አላቸው፤ የሁሉም የግራ አፍ ከንፈሩ ተሸርፏል። ልጅ ጭቃውን አለስልሶ፣ ሁለቱን አፎች አውጥቶ ገና ደስ ሲለው፣ መምህሯ «በል አሁን ሸርፋት» ትለዋለች። ለምን ብሎ የማይጠይቅ ልጅ የለም፤ ሽማግሌዎችም የሚመልሱት ይህንን ነው።

እንደሚነገረው የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ ዘሮች ሦስት ትውልድ ሙሉ ደም ሲቃቡ ኖረው የታረቁት በአንዲት ማሰሮ ነው። ሽማግሌዎቹ አንዱ ቀድሞ ጠጣ፣ አንዱ ተከተለ እንዳይባል ሁለት አፍ ጎን ለጎን አስወጡላት፤ ቀኙ ለላይ ቤት፣ ግራው ለታች ቤት ሆነ፤ ከዚያ ሁለቱ ባለ ደሞች ተንበርክከው፣ ማሰሮዋ ስታዘነብል ውሃው እኩል ወረደና እያንዳንዱ በእፍኙ ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከሁለቱም ወገን እየተገናኙ በእሷ ይጠጡ ነበር፤ በኋላም መምህር ይኄይስ ከአንዱ ቤት ብትቀመጥ ሌላው ይቀየማል ብለው ለትምህርት ቤቱ ለመኗት። ትሁኔ ራሷ የላይ ቤት ልጅ ነበረች፤ እርቁ እንዳይላላ ተብሎ ከአምስተኛ ክፍል ተነሥታ ለታች ቤት የተዳረች። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ልጅ አዝላ፣ ደብተሯን ትታ ወደወጣችበት ግቢ መጥረጊያ ይዛ ተመለሰች።

መምህር ይኄይስ ታሪክን በሰሌዳ አያስተምሩም ነበር ይላሉ። ልጆቹን ወደ ክፍሏ አስገብተው ዓይናቸውን ያስጨፍኗቸውና «እጃችሁ ምን አገኘ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀንበሩን የዳሰሰ ልጅ «እዚህ ጋ ሙልጭ ብሏል» ካለ፣ «የስንት በሬ አንገት ይመስልሃል?» ይሉታል። ማሰሮዋን ግን ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ከላይ ቤት አንዱ ከታች ቤት፣ አብረው ነው የሚይዟት።

«የእናንተ አፍ ይሰፋል፤ ወሬ ስለምታበዙ ነው» ይላል የላይ ቤቱ።

«የእናንተማ እንኳን ውሃ ሰላምታም አያወጣ» ይመልሳል የታች ቤቱ።

ትሁኔ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። የሚጠይቃት ባይኖርም የሁሉም ዕቃ መልስ በእጇ ነበር፤ በየቀኑ የምትወለውለው እሷ ናትና።

አንድ ዓመት፣ ትምህርት ተዘግቶ ልጆቹ በተበተኑ ሳምንት፣ ማሰሮዋን ልትወለውል አነሣች። ከጀርባዋ ያዘለቻት ሕፃን፣ ፈንታዬ፣ እጇን ሰድዳ የማሰሮዋን አንገት ያዘች፤ እናት ዞር ስትል ልጅ አልለቅ አለች፤ ማሰሮዋም ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ተጋጨች። አልወደቀችም። ከግራ አፏ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሽራፊ መሬት ላይ ቀረች። ትሁኔ ሽራፊዋን አንሥታ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት፤ የተሸረፈውን ጎን ወደ ግድግዳ አዞረችው። መስከረም ሲጠባ ለመምህሩ እነግራቸዋለሁ ብላ ነበር ይባላል። መስከረም ሳይጠባ ግን የክፍሏ ቁልፍ ተሰብሮ ማሰሮዋ ተሰረቀች። ከዚያ በኋላ ስለ ሽራፊ ማውራት ምን ይሆናል ብላ ዝም አለች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን ከከተማው የቅርስ ሹም ደብዳቤ መጣ፤ ባለ ሁለት አፍ ማሰሮ በአንድ ነጋዴ እጅ ተገኝታለች፣ የእኔ ነው የሚል ይምጣና ይለይ የሚል። መምህር ይኄይስ የዕቃዎቹ መልክ የተጻፈበትን መዝገባቸውን ያዙ፤ ከላይ ቤት አያ ሽባባው፣ ከታች ቤት አያ አንዳርጌ ተመርጠው አብረዋቸው ተነሡ። ትሁኔ በሶ ቋጥራ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘቻቸው።

አያ አንዳርጌ በሶውን ቀምሰው «ይህ የላይ ቤት እጅ ነው፤ ጨው የሚባል አልነካውም» አሉ።

«ዝም ብለህ ብላ» አሉ አያ ሽባባው፤ «እናንተ ዘንድ ገብታ ነው የጨው ጣዕም የጠፋት።»

ሦስቱም ሳቁ። መምህር ይኄይስ ከመስኮቱ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው «ምነው ትሁኔ፣ የምትይው አለሽ?» አሏት። እጇ መቀነቷ ላይ ነበር። መቼም ዓይተው ያውቋታል፣ ሦስት ሽማግሌ የራሱን ዕቃ አያጣም ብላ አሰበች።

«በሰላም ግቡ» አለች። አውቶቡሱ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መምህር ይኄይስ ከቤታቸው ሳይደርሱ በቀጥታ ወደ ክፍሏ መጥተው፣ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«መንትያዋ ናት» አሉ፤ «ግን የኛ አይደለችም። ያቺ ግራ አፏ ተሸርፏል። ሹሙ መዝገቡን አነበበ፤ ሁለቱም አፎቿ ደህና ናቸው፣ እንከን የላትም ይላል። ሽባባውም በተሸረፈው በኩል ውሃው ቶሎ ይወርዳል፣ ታች ቤት ሊቀድመን ነው አለ። የኛ አይደለችም ብለን ፈርመን ወጣን።»

ትሁኔ መቀነቷን ፈታች። ሽራፊዋን መዝገቡ ላይ አስቀመጠቻት።

መምህሩ ወደ ሽራፊዋ ጎንበስ አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተሰረቀችበት ክረምት።»

«ስትሸኚንም?»

«ስሸኛችሁም።»

«መዝገቡ ምን እንደሚል አታውቂም ነበር?»

«ማን አንብቢ ብሎኝ፣ መምህር።»

አልተቆጧትም። ሽራፊዋን አንሥተው ዓይናቸውን ጨፈኑና በጣታቸው ዳሰሷት። «እዚያ ሆኜ እጄ አውቋት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጨፍኜ ይዣት ነበር። መዝገቡ ግን የራሴ ጽሕፈት ነው፤ እጄን አላመንኩትም።»

በማግስቱ ሽራፊዋን ይዘው ተመልሰው ሄዱ ይባላል። የፈረሙት ወረቀት ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ነጋዴው ማሰሮዋን ተረክቦ ለባሕር ማዶ ሰው ሽጧታል፤ ለማን እንደሸጣት የሚያውቅ አልተገኘም። ወሬው አገር ሲደርስ ታች ቤቶች የላይ ቤት ልጅ የእኛን አፍ ሰበረች አሉ፤ ላይ ቤቶችም በቤታችሁ እያለች የሆነውን ከእኛ አትጠይቁ አሉ። በአንድ አቁማዳ በሶ ተካፍለው የሄዱት ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያ ወዲያ በገበያ ሲገናኙ መንገድ ይቀይሩ ነበር። በዓመቱ የመጠጫው ቀን ሲደርስ መምህር ይኄይስ ሁለት ጣሳ ውሃ አስቀምጠው እስከ ሠርክ ጠበቁ፤ የመጣ የለም።

ያኔ ነው ልጆቹን ጭቃ ያስያዟቸው። መልኳን እንደ ትሁኔ እጅ የሚያውቅ አልነበረምና አሳዪአቸው አሏት። እሷም አሳየች፤ ልጆቹ ሁለቱን አፎች አሳምረው ሲጨርሱ ሽራፊዋን አውጥታ «በዚህች ልክ ሸርፏት፤ ደህና አፍ ያላት የኛ አይደለችም» ትላቸው ነበር። የገዛ ልጇ ፈንታዬም ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ ሠርታ ሸርፋለች፤ ማን እንደሸረፋት ግን እናቷ አልነገረቻትም ይላሉ።

ዛሬ ትሁኔም መምህሩም የሉም። የልጆቹ ማሰሮዎች ከዓመት ዓመት አንገታቸው እየረዘመ፣ ሆዳቸው እየጠበበ ሄዷል፤ ዘንድሮ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹን አይመስሉም፣ የመጀመሪያዎቹም እውነተኛዋን መምሰላቸውን የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ዘሮች ውሃ የሚቀዱት ከየራሳቸው ቦኖ ነው። ሽራፊዋ አሁንም ከልጅ ወደ ልጅ እየተቀባበለች ትዳሰሳለች፤ በእጅ ብዛት ጠርዟ ሙልጭ ብሎ ጠጠር መስላለችና፣ ማሰሮዋ ከሄደችበት ብትመለስ እንኳ አትገጥማትም።

መደርደሪያው ላይ ስላለችው ክብ አቧራ ደግሞ እንዲህ ይባላል። መምህር ይኄይስ ከሁለተኛው መንገዳቸው ተመልሰው የሆነውን ነግረዋት ከወጡ በኋላ፣ ትሁኔ እንደ ልማዷ ጨርቋን አርጥባ መደርደሪያውን ከጥግ ጀመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ባዶ ቦታ አብራ ስትወለውለው ነበር የኖረችው። የዚያን ዕለት ግን ማሰሮዋ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ስትደርስ እጇን መለስ አደረገች፤ እንዳትነካት ተጠንቅቃ ዙሪያዋን ብቻ ወለወለች።