ስታዲየሙን ያፈረሰው ዝላይ

ተመልካች ባስነጠሰ ቁጥር ጡብ እየጣለ «ይማርህ» የሚል አንድ ያረጀ ስታዲየም ነበር። የእግር ኳስ ክለቡም ፕሬዚዳንት የሆኑት ከንቲባ አስራደ ሕዝቡን ሜዳው ላይ ሰበሰቡና፣ «ስታዲየማችንን ያፈረሰው ጎል ሲገባ የሚዘለው ደጋፊ ነው፤ ማሳደሻውንም የዘለለ ይክፈል!» አሉ።

ከፊታቸው አንድ ምላሰኛ ጋሪ ነጂ ቆሟል። ክፈል ቢባል ከፈረሱ በቀር የሚሸጠው የለውም።

«አንተ! ጎል ሲገባ ትዘላለህ ወይስ አትዘልም?» ብለው አፋጠጡት። እዘላለሁ ቢል ሊያስከፍሉት፣ አልዘልም ቢል የከተማው ጠላት ብለው ዳግመኛ ስታዲየም እንዳይገባ ሊያግዱት ነው።

ጋሪ ነጂው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«መዝለሉንስ በወደድኩ ጌታዬ፤ ግን እርስዎ ክለቡን ከያዙ ወዲህ ጎል የሚያገባው እንግዳው ቡድን ብቻ ሆነና ቁጭ እንዳልኩ ጉልበቴ ዛገ። ሲዘል የኖረው የእንግዳው ደጋፊ ነው። ሂሳቡን ለእነሱ ይላኩላቸው። እርስዎ ከፕሬዚዳንትነቱ እንዳይነሡባቸው ሲሉ ደስ እያላቸው ይከፍላሉ!»