በጣርማ በር ጉም የጠፋው ጥሎሽ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ ሹፌሩ ጉም ውስጥ የፊቱን መኪና ልቅደም ካለ ከኋላ አንዱ ተሳፋሪ ተረት ይጥልበታል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እትዬ የሺመቤት መኪናው ውስጥ ካሉ ግን አይስቁም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎትተው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ተረቱን ያመጡት እሳቸው ናቸዋ።

ነገሩ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ሽመልስ ያገባ ዕለት ነው። ሙሽሪት የደብረ ሲና ልጅ ናት። አባቷ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ጥሎሹ በሽማግሌ ፊት ተከፍቶ ካልታየ ልጄ ከቤት አትወጣም ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ሻንጣው የተሰጠው ለእትዬ የሺመቤት ነበር። በታላቅ ወንድሙ ሰርግ ጥሎሽ ይዘው ከሰው ሁሉ በኋላ ደርሰው የሴቷ ወገኖች «ዘገየ ጥሎሹ» እያሉ ዘፍነውባቸዋል። ዘንድሮ ቀድሜ ካልገባሁ ብለው ምለዋል።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከነካፊያው ወረደባቸው። የሙሽራውን መኪና የሚነዱት ጋሽ ሥዩም አጀቡን አቁመው በየመኪናው ዞሩ።

«ቤቱን የማውቀው እኔ ነኝ። አጭር መብራት አብሩ፣ ራቅ ራቅ በሉ፣ ማንም ማንንም አይቅደም» አሉና ቀስ እያሉ ቁልቁል ጀመሩ።

«ይሄ ሰውዬ ሊድረን ነው ሊቀብረን?» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ሻንጣውን አቅፈው።

መኪናቸውን የሚነዳው የጎረቤት ልጅ ደምስ ነው። «እትዬ፣ መንገዱ እኮ አይታይም። አትቅደሙ ተብለናል።»

«ሥዩም ድሮም በሬ ቢነዳ ይሻለው ነበር። አንተስ ምን ሆነሃል? የቪዲዮው መኪና እንኳ ጥሎን ሄዷል።»

ደምስ ተነካ። ረጅሙን መብራት ቢያበራው ጉሙ ነጭ ግድግዳ ሆነበት። ቢሆንም ጥሩምባውን እየነፋ አንዱን ቀደመ፣ ሌላውን ቀደመ፣ ሙሽራውንም ቀደመ። ወዲያው ጭድ የጫነ አይሱዙ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ደምስ መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናው በእርጥቡ አስፋልት ተንሸራቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ።

«መድኃኔ ዓለም» አሉ እትዬ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ግን «በል ንዳ፣ ቆመህ ምን ትጠብቃለህ» አሉት።

ጥቂት እንደወረዱ ሪባን ያሰረ መኪና ከፊት ታያቸው። «ይኸው የቪዲዮው መኪና። እሱን ተከተል።»

ተከትለው ደብረ ሲና ገቡ፣ ድንኳን ደጃፍ ደረሱ። በእልልታ ተቀበሏቸው። እትዬ የሺመቤት እስክስታ እየወረዱ ገብተው ሻንጣውን ሽማግሌዎች ፊት ከፈቱ። ቀሚሱን፣ ካባውን፣ ሀብሉን እያነሱ አሳዩ። ድንኳኑ ተናጋ። «አክስት እንዲህ ናት» አሉ ሴቶቹ።

ያኔ ሙሽራው ገባ። ረጅም፣ ሪዛም፣ በዕድሜያቸው አይተውት የማያውቁት ሰው። ከኋላው ሌላ አክስት ሌላ ሻንጣ ይዛለች።

«ልጄ፣ የማን ወገን ነሽ?» አሏቸው አንድ ሽማግሌ።

«የሽመልስ።»

«የኛ ሙሽራ ይትባረክ ነው።»

በላይኛው ሰፈር ደግሞ የራሳቸው ሙሽራ ሽመልስ ላብ በላብ ሆኖ ተቀምጧል። ጋሽ ሥዩም አጀቡን አንድም ሳይጫር አድርሰው ምሳቸውን ይበላሉ። የሙሽሪት አባት ግን «ጥሎሹ የታል?» እያሉ በር በሩን ያያሉ፤ ኋላም ልጅቷን ቬሏን አውልቂ ሊሏት ተነሱ።

ይህን ጊዜ እትዬ የሺመቤት ሻንጣቸውን እየጎተቱ ደረሱ። መንገድ ሊያሳዩ ያ ሽማግሌ አብረዋቸው መጥተዋል፤ ደምስንም እስከ በሩ ድረስ «ቀስ በል» ሲሉት ነበር። ከውስጥ ሴቶቹ «ዘገየ ጥሎሹ» ጀምረዋል።

«የት ነበራችሁ?» አሉ የሙሽሪት አባት ቆጣ ብለው።

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎተቱ።

«እኛ ዘንድ ነበሩ» አሉ ሽማግሌው። «ጥሎሹን አይተነዋል፣ ምንም እንከን አይወጣለትም። ጭፈራቸውንም አይተናል፣ እንደሳቸው ያለ ከኛ ወገን አልተገኘም።»

አባትየው ሳይወዱ ሳቁ፤ ሳቁና ሻንጣው ይከፈት አሉ። ሽመልስ ላቡን ጠረገ። ጋሽ ሥዩም ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እትዬ የሺመቤት ሲዘረጉ፣ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ በጉም የቸኮለ የሰው ሰርግ ያደምቃል።»