የውዴነሽ ማደሪያ

ልጆች፣ እግራችሁን ሰብስቡ፣ ጆሯችሁን ዘርጉ፤ ተረት ልንገራችሁ።

ድሮ፣ ድሮ፣ አንድ ወንዝ ዳር ወርቅ ተገኘ አሉ። ያልመጣ ሰው የለም። አራሹ ሞፈሩን ጥሎ መጣ፣ ነጋዴው አህያውን ሸጦ መጣ። ሁሉም ገበቴ ይዞ አሸዋ ሲያጥብ ይውላል፤ ሲመሽ ማደሪያ የለውም። ውዴነሽ የምትባል አንዲት ባልቴት ጠባብ ቤቷን ማደሪያ አደረገችላቸው። ወርቅ ያገኘም ይምጣ፣ ያላገኘም ይምጣ፣ እግሩን አጥባ፣ አብልታ ታስተኛዋለች።

ጎረቤቷ ጠንክር ቀናባት። «ሰው እሷ ዘንድ የሚጎርፈው ቤቷ ሥር ወርቅ ቢኖር ነው» ብሎ ለሹሙ ነገረ። ሹሙም «ፈርሶ ይቆፈር» አለ። ውዴነሽ ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ ቤቷ ከፈረሰ መግቢያ አልነበራትም።

ሹሙ ወታደሮች ላከ።

«እሺ፣ ታፈርሳላችሁ» አለቻቸው። «ከመንገድ ነው የመጣችሁት፤ መጀመሪያ ቅመሱ።»

በሉ። ከዚያ ዶማ የሚያነሳ ጠፋ። «የበላንበትን ወጪት እንዴት እንሰብራለን?» ብለው ተመለሱ።

ሹሙ ሌሎች ላከ፤ «እህሏን እንዳትቀምሱ» ብሎ። ዝናብ ያዛቸው። «አትብሉ፤ ተጠለሉ እንጂ» አለቻቸው። ተጠለሉ። ሲያባራ «ያስጠለለንን ጣራ እንዴት እናፈርሳለን?» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ሹሙ ራሱ ጠንክርን አስከትሎ መጣ።

«አልበላም፣ አልጠለልም» አለ።

«እሺ ጌታዬ። ግን እያነከሱ ነው።»

ተንበርክካ ከእግሩ እሾህ ነቀለችለት።

«አንቺ ሴት፣ ቤትሽን ላፈርስ መጥቼ?»

«ጌታዬ፣ ሌላ ቤት የለኝም። ቢሆንም እንግዳዬ ነዎት። አንድ ነገር ልበል፤ ወርቅ አጥር አያውቅም። ከእኔ ሥር ካለ ከጠንክርም ሥር አለ። የእሱን ቆፍረው ካገኙ የእኔንም ያፍርሱ።»

ጠንክር «የእኔ እንኳ ድንጋይ ነው» እያለ ቢለምን ማን ሰምቶት። ቤቱ ፈረሰ፣ ተቆፈረ፤ የወጣው ጭቃ ነው። ሹሙ ተቆጥቶ ጠንክርን ሜዳ ላይ ጥሎት ሄደ።

ሲመሽ ጠንክር ደጇ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ውዴነሽ፣ በምን አፌ ልለምንሽ?»

«እግርህን አምጣ፣ ልጠብህ» አለችው። አለቀሰ።

ወርቁ አለቀ፣ ሰዉም ተበተነ። ያቺ ጠባብ ቤት ግን መንገደኛ ስታሳድር ኖረች፤ ለእንግዳ እግር ውሃ የሚቀዳውም ጠንክር ነበር።

ለዚህ ነው «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም» የሚባለው። እኔ ደግሞ እጨምራለሁ፤ ከገባበትም እጅ ስጠው።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተም ማደሪያ ስጡት።