ጾመኛው ጉሬዛና ቆዳ የለበሰው አሞሌ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በመቀነታችሁ የቋጠራችሁትን ገንዘብ ቀምሳችሁት ታውቃላችሁ? አትሳቁ። ገንዘብ የሚቀመስበት ዘመን ነበር።

ድሮ፣ ብር የሚባል ነገር ገና ሳይታሰብ፣ ስሟን በማልነግራችሁ አንዲት አገር እንስሳት የሚገበያዩት በአሞሌ ነበር። አሞሌ ተጠርቦ በልጥ የታሰረ ጨው ነው። እህል ይገዛበታል፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ልጅ ይዳርበታል፤ ችግር ሲመጣ ደግሞ ይላሳል። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ገንዘብ አላየሁም።

ወግም ነበራቸው። ሁለት ወዳጆች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ አሞሌውን ያወጣና «ይቅመሱልኝ» ይላል። ሌላው አንዴ ልሶ «ያጣፍጥልዎ» ብሎ ይመርቃል። ጨዋነት ይመስላል፤ ነውም። ነገር ግን በዚህ ወግ የተነሳ ሐሰተኛ አሞሌ ይዞ ከጎረቤቱ ደጅ የሚያልፍ አልነበረም።

ንጉሡ አንበሳ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቅለት አጣ። የሾመው ሁሉ ይልስበታል።

«ከመካከላችሁ ጨው የማይወድ ማነው?» አለ።

እመት ፍየል አንገቷን ደፋች። በሬ ሰማዩን አየ። ጉሬዛ ግን ከዛፉ ላይ ጥቁርና ነጭ ካባውን ሰብሰብ አድርጎ «እኔ ጾመኛ ነኝ» አለ። ካባ የለበሰ፣ ዓይኑን የሰበረ፣ ቅጠል የሚቆረጥም ሰው ማን ይጠረጥራል? አባ ጉሬዛ ተብሎ ተሾመ።

ወራት አለፈና አባ ጉሬዛ ንጉሡ ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ አገራችንን ምላስ ጨረሳት። አንዱ ይቅመሱልኝ ይላል፣ ሌላው ይልሳል። ሲላላሱ ገንዘቡ አለቀ።»

«ምን ይሻላል?»

«ቆዳ እናልብሰው። እርስዎ መዳፍዎን ያትሙበት። ከእንግዲህ ገንዘብ የላሰ ሌባ ይባል።»

አዋጁ ተነገረ። ሁሉም ራቁቱን አሞሌ ለግምጃ ቤት እያስረከበ ቆዳ የለበሰውን ወሰደ። ቆዳው የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ገንዘባችን ልብስ ለበሰ፣ እኛም ሠለጠንን ተባለ። በመንገድ ላይ ሲገናኙም «መዳፉን ይዩልኝ» ይባባሉ ጀመር።

አባ ጉሬዛም እየጾመ ወፈረ።

«አባ፣ ጾሙ ተስማማዎት» ትለዋለች የግምጃ ቤቱን ጭነት የምታመላልሰው እመት አህያ።

«ጸጋ ነው እህቴ» ይላል።

ከዚያ ድርቅ ገባ። ሣሩ ነደደ፣ ቅጠሉ ረገፈ። እመት ፍየል የወለደችው በዚያ ክፉ ወር ነበር። ወተቷ ነጠፈ፤ ግልገሏ ጡቷን ይዞ ይጎትታል፣ ምንም የለም። ጨው የላሰች እናት ወተቷ እንደሚመለስ ከእናቷ ሰምታለች። ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን አሞሌ አወጣች፣ ቆዳውን በጥርሷ ቀደደች፣ ላሰች። ድንጋይ ነው።

እየጮኸች ወጣች። ጎረቤት ሰማና ይዞ ከችሎት አቆማት።

«ድንጋይ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለ አባ ጉሬዛ።

«በምላሴ።»

«ሰማችሁ፣ ልሳለች። ራሷ አመነች።»

«ቅጣቷ አንድ አሞሌ ነው» አለ አንበሳ።

እመት ፍየል ያንኑ የተቀደደ ነገር ከፊቱ አኖረች። «እነሆ ጌታዬ። አሞሌ ከሆነ ቅጣቴን ከፈልሁ። ድንጋይ ከሆነ ደግሞ አልዋሸሁም።»

 በችሎቱ የቆመው ሁሉ ቤቱ የደረደረው አሞሌ ትዝ አለው። ድንጋይ ነው ከተባለ ባለጸጋው ሁሉ ደሃ ሆኖ ሊገባ ነው። አንበሳ አገላበጠና «መዳፌ አለበት?» አለ።

«አለበት» አለ በሬ።

«እንግዲያው አሞሌ ነው። ተቀብያለሁ፣ ሂጂ።»

ጉባኤው እልል አለ።

«ጌታዬ፣ እኔ ለልጄ የምልሰው ጨው ነው የምፈልገው» አለች።

አባ ጉሬዛ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እመት ፍየል፣ ጨው ከየት ይመጣል? ሁሉም ገንዘብ ሆኗል።»

ቤቷ ስትደርስ ግልገሏ ድምጿን ሰምቶ አልተነሳም።

ከቀበረችው በኋላ መንታ መንገድ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን «የገዛ አሞሌዎን ይቅመሱልኝ» ትል ጀመር። የሚቀምስ አልተገኘም፤ መንገዱን እየለወጠ የሚሄደው ግን በዛ። አንበሳ ነገሩ አላማረውምና ሽማግሌ ላከ። በሬ ከፊት፣ እመት አህያ ከኋላ፣ አባ ጉሬዛ ደግሞ በመካከል፣ የበደለ እንደሚያደርገው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከቤቷ ደጅ መጡ። ድንጋዩን ከሩቅ አወቀችው። የተቀደደው ቆዳ ጥጉ ላይ ተንጠልጥሏል።

«በቀስታ ያውርዱት አባ፣ ገንዘብ ነው» አለች።

«ተይ፣ ይቅር ለእግዜር በይ» አለ በሬ።

«መጀመሪያ ይቅመሱልኝ።»

አባ ጉሬዛ ድንጋዩን አየ። «እኔ ጾመኛ ነኝ» አለ።

«እኔስ አውቄ ነበር፤ ድንጋይ ከጨው ይከብዳል» አለች እመት አህያ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት እመት ፍየል።

«የሚከፈለኝ በእሱ ነዋ።»

እመት ፍየል ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና በሯን ዘጋች።

ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል» እያሉ ያስፈራሩታል። በዚያች አገር ድንጋዩን የጣለው የለም፤ እስከ ዛሬ ይገበያዩበታል። ስለዚህ እንዲህ ተባለ፦ መቅመስ ከተከለከለ፣ ድንጋይም ጨው ነኝ አለ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በጨው አብሱ፤ አስቀድሜ ግን እቀምሰዋለሁ። ለፍየሏ አስታራቂ ልሁን የምትሉ ካላችሁ አትድከሙ። ጉሬዛውንም፣ ንጉሡንም፣ ዝም ያለችውንም፣ እልል ያሉትንም ይቅር አላለችም። እኔም አልልም።