ለአንድ ጠብታ ደም የቀረች ዘንግ

በአንድ ወቅት፣ ያውም በቅርብ፣ እኛው ሰፈር አንማው፣ ሽታዬና ይርጋ የሚባሉ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታናሹን ይርጋን የሚጥል በሽታ ይዞታል። የሽታዬንም ልጅ እንዲሁ። የሚውጡት መድኃኒት ጠባዩ ክፉ ነው፤ ደም ውስጥ ሲያንስ ሰው ይወድቃል፣ ሲበዛ ይንገዳገዳል። መጠኑን ለማወቅ ደማቸው ዋና ከተማ ይላካል። ውጤቱ ዘግይቶ ሲመጣ በሽተኛው ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ታላቁ አንማው የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ይህ አናደደው። ከእርሳስ ውስጥ ጥቁሩን ዘንግ አውጥቶ ጫፉን ከዩኒቨርሲቲ ባገኘው የኬሚካል ዱቄት ቀባው። ኤሌክትሮድ ይለዋል። ቅባቱ ከደም ጠብታ መድኃኒቱን ለይቶ ይይዛል፤ በሽቦ የተያያዘው መለኪያ መጠኑን ይናገራል። ይናገራል ተባለ እንጂ ደሙ ጫፉን ይደፍነዋል። ቀባ፣ ፋቀ። ደግሞ ቀባ፣ ፋቀ።

ይርጋ በየሙከራው ክንዱን ዘረጋ። «ወንፊት አደረግኸኝ እኮ፣ ጋሼ» ይላል። እጁን ግን አልሰበሰበም።

ዱቄቱ ሲያልቅ ሽታዬ ሄዳ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው ቢያባርራት ከማዶ ተቀመጠች። አንድ መምህር ሰልችቶት ማንኪያ የማይሞላ ሰጣት። ሌላ የለም አላት።

በዚያ ሦስት ዘንግ ተቀባ። ሁለቱ ተሞከሩ፤ በዚህ ጊዜ ጫፋቸው አልተደፈነም፤ የለኩት ከዋና ከተማው ውጤት ጋር ገጠመ። አንዷ ቀረች። እሷም አንዴ ደም ከነካች አለቀላት።

ይኼኔ ይርጋ መንገዳገድ ጀመረ። የሽታዬ ልጅ በዚያው ሳምንት ደጋግማ ወደቀች። ሐኪሙ፣ «መጠኑን ሳላውቅ አልጨምርም፣ አልቀንስም» አለ።

«ዘንጓ እስክትሠራ የፈሰሰው የእኔ ደም ነው» አለ ይርጋ።

«ዱቄቱንስ ማን አመጣው? አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ ልጄ እሳት ላይ ብትወድቅስ?» አለች ሽታዬ።

አንማው ዘንጓን ኪሱ ከተተ። «ለሁለታችሁም አይደለችም። ይህኛው ቅባት ለምን እንደሠራ እኔም አላውቅም። ደም ሳይነካት መምህራኑ ይመርምሯት። ከገባቸው ለስንቱ ይሠራል።»

«ከገባቸው» አለች ሽታዬ። «እስከዚያ ልጄን በምን ልያዛት? በእርሳስ?»

ቅባቱ እያረጀ ስለሆነ ከነገ አያልፍም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ይነሳል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

እስቲ ፍረዱ። ዘንጓ የምትገባው ለማን ነው? ክንዱን ለሰጠው፣ ለልጇ ስትል በር ላይ ለተቀመጠችው፣ ወይስ ለማያውቃቸው በሽተኞች ብሎ ወንድሙንና የእህቱን ልጅ ለሚያስጠብቀው?